ማር፣ ጌሾና ኮሽም፦ በዓለም ገና ብርድ የጠጅ አጣጣል

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ የሚወጣው አስፋልት ዓለም ገና ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሰበታ አልፎ ወደ ወሊሶና ጅማ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና ይታጠፋል። የጅማ፣ የከፋና የሸካ ጫካ ማር ወደ ዋና ከተማዋ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። አለፍ ብሎ ሰበታ ላይ ደግሞ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ አለ፤ ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛው፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ወደ ካስቴል ቡድን የተላለፈው ፋብሪካ ነው።

ፋብሪካ የሚጠምቀውን ሁሉ በዲግሪ እየለካ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል። በቤቱ ጠጅ የሚጥል ሰው ግን ያለው ጋን፣ ማር፣ ጌሾና የሰፈሩ አየር ብቻ ነው። የሰፈሩ አየር ደግሞ ብርድ ነው። ዓለም ገናና ሰበታ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው ላይ ውርጭ ይወርዳል። በእነዚህ ከተሞች ጠጅ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ትልቁ የማር ማነስ አይደለም፤ ቆላ ወይም ወይና ደጋ ላይ የተማሩትን የቀን ቁጥር ይዞ በደጋ መጣደፍ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ብርድ ነው። በማር የተጣለ፣ በአገር ፍሬ የተቀመመ፣ ጠንከር ያለ ጠጅ ለሚፈልግ ሰው።

ጥንካሬው ምን ያህል ነው? ቢራ በአብዛኛው 5 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። በደንብ የተጣለ ጠጅ ከ7 እስከ 11 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሌሎች ሕዝቦችም ማርን ከፍሬ ጋር አብላልተው ይጠጣሉ፤ አውሮፓውያን ሜሎሜል ይሉታል፣ ማርን ከብቅል ጋር ሲያብላሉት ደግሞ ብራጎት ነው። የእኛን ከሁሉም የሚለየው ጌሾ ነው።

ለሱሉልታ ሰው የጠጅ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ ነው የሚኖረው። በ1880 ዓ.ም. መስከረም የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ግብር አግብተው ነበር፤ ጠጁም ከማዕዱ ዋናው ነበር። በዚያ ዘመን ጠጅ በዋነኝነት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሲሆን የገበሬው ቤት የሚያውቀው ጠላን ነው። ዛሬ ዓለም ገና ገበያ ወጥቶ ማርና ጌሾ የገዛ ሁሉ መጣል ይችላል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤት ዳዲ ይለዋል፤ ጌሾው ግን በሁለቱም ቋንቋ ጌሾ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያሰናዷቸው

ለአንድ ቤተሰብ ድግስ የሚበቃው ልክ ይህ ነው፦ 3 ኪሎ ማር፣ 9 ሊትር ውሃ፣ 200 ግራም የጌሾ እንጨት፣ አንድ እፍኝ ዘቢብ፣ 700 ግራም ያህል የበሰለ ኮሽም። ዕቃው ቢያንስ 15 ሊትር የሚይዝ ይሁን፤ ሲፈላ አረፋው ቦታ ይፈልጋል።

ልኩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ከማር ክብደት 80 በመቶ ገደማ ስኳር ነው። ስለዚህ 3 ኪሎ ማር 2.4 ኪሎ ስኳር ይዟል። ማሩና ውሃው ተቀላቅለው 11 ሊትር ገደማ ስለሚሆኑ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ210 ግራም በላይ ስኳር ይኖራል። እርሾ 17 ግራም ያህሉን ስኳር በልቶ አንድ ሊትር ብርዝ ላይ አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። ሁሉም ቢበላ 12 ወይም 13 በመቶ ይደርስ ነበር፤ በቤት ግን እርሾው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይደክምና የተረፈው ስኳር ጠጁን ያጣፍጠዋል። ደረቅ ጠጅ የሚወዱ ውሃውን ወደ 11 ሊትር ያሳድጉ። ለስላሳ የሚወዱ ወደ 7 ሊትር ይቀንሱት፤ ሲቀንሱት ግን በብርድ ቀዬ መፍላቱ ይበልጥ እንደሚዘገይ ይወቁ፤ እጅግ የጣፈጠ ብርዝ እርሾን ያስጨንቀዋል።

ማሩን ሲገዙ ከነሰፈፉ ይግዙ። የተጣራና በማሰሮ ያማረ ማር ለቁርስ ጥሩ ነው፤ ለጠጅ ግን ከነእንጀራው የተቆረጠው ይመረጣል፤ አብሮት የሚመጣው ሰፈፍና የአበባ ዱቄት ለእርሾው ምግብ ነው። በሸዋ ደጋ ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባ ከረገፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ በዚያ ወር የተገዛ ማር ትኩስ ነው። የረጋ ማር ስኳር ተቀላቅሎበታል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ በሱሉልታ ብርድ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ክብሪት መጫር፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ የመሳሰሉት የሰፈር መፈተኛዎችም የሚያስተማምኑ አይደሉም። ከሁሉም የሚሻለው ከሚያውቁት ንብ አርቢ መግዛት ነው። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ቢሄዱ ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል አለ፤ በአካባቢው በዘመናዊ ቀፎ የሚያረቡ ገበሬዎች ስላሉ ማር ፈላጊ ወደዚያ መዝለቁ ያዋጣዋል።

ጌሾ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል። ቅጠሉ በብዛት ለጠላ ነው፤ ለጠጅ የሚገባው ተፈልጦ የደረቀው እንጨቱ ነው። ምሬቱን የሚሰጠው ጌሾይዲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን ሥራውም በቢራ ውስጥ ሆፕስ የሚሠራው ነው፤ የማሩን ጣፋጭነት ያስተካክላል፣ ጠጁን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። ሻጋታ ያለበትን ወይም የሸተተውን አይግዙ።

ውሃው ከቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑን ማስወጣት ያስፈልጋል። አፍልተው ያቀዝቅዙት፣ ወይም አፉን ከፍተው ያሳድሩት።

ዕቃውን ማጠን

የሸክላ ጋን ወይም እንስራ ካለዎት በግራዋ ቅጠል ውስጡን አጥብቀው ይሹት፣ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፣ ከዚያ በወይራ እንጨት ያጥኑት። ፍሙ ላይ የወይራውን ፍልጥ አድርገው ጋኑን በአፉ ይድፉበትና ጢሱ እስኪጠግበው ይተዉት። ጢሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የተደበቁ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። በዚህ ደረጃ መስነፍ የለም። የቀደመው ጠጅ ኮምጥጦ ከነበረ፣ በደንብ ያልታጠነ ጋን የሚቀጥለውንም ያኮመጥጠዋል።

ሸክላ የሌለው በፕላስቲክ ባልዲ መጣል ይችላል። ባልዲው ለምግብ የተሠራ መሆን አለበት፤ ቀለም፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለጠጅ አይሆንም። የአሉሚኒየም ድስትም ጠጅ እንዲከርምበት አይደረግ፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል። በባልዲ ሲጣል የወይራው መዓዛ ይጎድላል፣ ይህ እውነት ነው። ጥቂት የታጠነ የጌሾ እንጨት ቢጨመር ግን በከፊል ይተካዋል።

ብርዙ

የፈላው ውሃ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ማሩን ይጨምሩና በንጹሕ የእንጨት ማማሰያ አጥብቀው ይበጥብጡ። በዚህ ሰዓት አየር መግባቱ ይጠቅማል፤ እርሾ መጀመሪያ ሲራባ ኦክስጅን ይፈልጋል። ዘቢቡን አሁን ይጨምሩት፤ ማር ናይትሮጅን የሌለው ያህል ስለሆነ እርሾው በማር ብቻ ይከሳል፣ ዘቢብ ትንሽ ይደግፈዋል። አፉን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጡት፣ በክዳን ግን አይግጠሙት።

ለልጆችና አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች ለብቻው ትንሽ ብርዝ መበረዝ ጥሩ ልማድ ነው። ይህ ብርዝ በዚያው ቀን ይጠጣ፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ የልጅ መጠጥ አይደለም።

የጠጁ ብርዝ ወይና ደጋ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። በዓለም ገና ሦስት ቀን፣ በሱሉልታ አራት ወይም አምስት ቀን ይስጡት። ሰፈፉና የንብ ስብርባሪው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በማጥለያ ቀስ ብለው ይግፈፉት። ጆሮ ሲያስጠጉ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚሰማው ያለ ቀጭን ፉጨት ከሰሙ እርሾው ተነሥቷል ማለት ነው።

እርሾውን ማን አመጣው? ማንም አልጨመረውም። በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ላይ የነበረ ነው። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የጠጅ ጥናት በብዛት ያገኙት ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬን ነው፤ ዳቦ የሚያስነሣውም ቢራ የሚያፈላውም ይኸው እርሾ ነው። ከእርሱ ጋር ሌሎች እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ነበሩ። የአንዱ ቤት ጠጅ ከሌላው ቤት ጠጅ የሚለየውም በዚህ ነው፤ በየጋኑ ያለው ማኅበር ይለያያል። በሱሉልታ እስከ አምስተኛው ቀን ምንም ካልተሰማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ለብ ባለ ብርዝ በጥብጦ መጨመር ነውር የለበትም። አምቡላ፣ ማለትም የጠጅ ዝቃጭ፣ የተረፈው ጎረቤት ካለ ደግሞ ከዚያ አንድ ኩባያ መውሰድ የበለጠ ይሻላል፤ የተለማመደ እርሾ ነው።

ጌሾው

ከሰፈፉ የጠራውን ብርዝ ሁለት ሊትር ያህል ይቅዱ። የጌሾውን እንጨት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው አንድ እፍኝ ብቻ ያስቀሩ፤ የቀረውን በተቀዳው ብርዝ ውስጥ በለዘብታ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀቅሉት። ቀለሙ ወደ ቀይ ቡና ሲያደላና ሽታው ቤቱን ሲሞላ ያውርዱት።

አሁን ይታገሡ። ይህ የተቀቀለ ጌሾ ትኩስ ሆኖ ከተገለበጠ ለሦስት ቀን የተጠበቀውን እርሾ ይገድለዋል። እጅ ሲነካው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይቆይ፤ ከዚያ ከነእንጨቱ ወደ ጋኑ ይመለስ። ያስቀሩትን ያልተቀቀለ እፍኝ ጌሾም ይጨምሩ፤ ደረቅ ጌሾ የራሱን እርሾ ይዞ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ያማስሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አረፋው ይነሣል፣ ጌሾው ይንሳፈፋል፣ ብርዙ ይደፈርሳል። ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይቅመሱ። ምሬቱ ምላስ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከጉሮሮ አካባቢ ሲሰማ የጌሾውን እንጨት ያውጡት። ከአሥር ቀን በላይ ከተተወ ምሬቱ ማሩን ይውጠዋል፤ ያንን ደግሞ ምንም አያስተካክለውም።

ብርዱስ? ጋኑ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ግን ሙቀቱ በሚደርስበት ማዕዘን ይቀመጥ። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም ማድጋ ማስቀመጫ ያድርጉለት። ሌሊት በአሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። እርሾው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራል፤ ከ15 በታች ሲወርድ ይተኛል። መተኛቱ ሞት አይደለም። ጠዋት ጸጥ ያለ ጋን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባ መልሶ ሲያፏጭ ይሰማል።

ፍሬው

በጠጅ ውስጥ ኮሽም መጨመር የቆየ ባህል አይደለም፤ ግን እጅግ ይስማማዋል። ኮሽም በደጋው ግቢ ሁሉ እሾሃም አጥር ሆኖ የሚተከል ነው፤ ፍሬው ሲበስል ቢጫ ብርቱካንማ ሆኖ ይረግፋል፣ በጣም ስለሚኮመጥጥም አብዛኛው ሰው አይበላውም። ጠጅ የሚጎድለው ግን በትክክል ይህ ኮምጣጣነት ነው። ማር ጣዕሙ ጣፋጭ ብቻ ስለሆነ ጥቂት አሲድ ሲያገኝ ይነቃል።

ፍሬ የሚገባው መጀመሪያ ላይ አይደለም። ሲጀመር ከተጨመረ መዓዛው ከሚወጣው ጋዝ ጋር አብሮ ይበናል፣ ፍሬው ላይ ያለ ሻጋታም ገና ያልጠነከረውን ብርዝ ይቀድመዋል። ጌሾው ከወጣ፣ አረፋው ከበረደ በኋላ፣ አልኮሉ ራሱ ጠባቂ ሲሆን ይጨመር። በዓለም ገና ይህ ከአሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ፣ በሱሉልታ ከሃያኛው ቀን በኋላ ነው።

ኮሽሙን ያጥቡ፣ የተበላሸውን ይልቀሙ፣ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ፍሬውን ግን አይፍጩት፣ ዘሩ ይመርራል። ለአንድ ደቂቃ በጣም በሞቀ፣ ግን በማይፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው ያውጡት። ከዚያ በታጠበና በተቀቀለ አቡጀዲ ከረጢት ቋጥረው ንጹሕ ድንጋይ አብረው ከተው ያስጥሙት። መስጠሙ ግዴታ ነው፤ ላይ የተንሳፈፈ ፍሬ አየር አግኝቶ ይሻግታል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆይና ሳይጨመቅ ይውጣ። ከተጨመቀ ጠጁ ይደፈርሳል።

ኮሽም ያጣ እንጆሪ መጠቀም ይችላል፤ እንጆሪ ለስላሳ ስለሆነ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ይቻላል፣ ቆይታው ግን ከአራት ቀን አይለፍ። አጋምም ይሆናል፣ ጥቁር ሆኖ የበሰለው ብቻ። ብርቱካን የሚመርጡ የላይኛውን ቢጫ ልጣጭ ብቻ በስሱ ልጠው ይጠቀሙ፤ ነጩ ክፍል ከጌሾ ላይ ሌላ ምሬት ይጨምራል። ከጫካ ሲለቅሙ በእርግጠኝነት የሚያውቁትን ፍሬ እንጂ የሚመስለውን አይልቀሙ።

ማጥለልና ማስቀመጥ

ፍሬው ከወጣ በኋላ ጋኑ ሳይነካ ለአንድ ሳምንት ይረፍ፤ አሁን ማማሰል የለም። ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላዩ ይጠራል። ከዚያ አምቡላው ሳይናወጥ ቀስ ተብሎ እየተቀዳ በተደራረበ ነጭ ሻሽ ይጥለል። አምቡላው አይደፋ፤ ለሚቀጥለው ጥል እርሾ ነው።

የደረሰ ጠጅ አየር ጠላቱ ነው። ግማሽ ድረስ በተሞላ ዕቃ ከተቀመጠ በአየሩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። ስለዚህ ዕቃው እስከ አፉ ይሞላ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። የሱሉልታ ብርድ እስካሁን ያስቸገረውን ያህል እዚህ ላይ ይክሳል፤ ምድር ቤት ወይም ሰሜን ፊት ለፊት ያለ ክፍል ጠጅን ለብዙ ሳምንታት ያቆያል።

ጠርሙስ ውስጥ ከመግጠምዎ በፊት ግን መፍላቱ መቆሙን ይፈትሹ። ጠጁን በትንሽ የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ሞልተው ይክደኑና ሞቅ ባለ ክፍል ለሁለት ቀን ይተዉት። ዕቃው ከጠነከረ ጋዙ ገና ይወጣል፤ ይህን ጠጅ በብርጭቆ ጠርሙስ መግጠም ፍንዳታን መጋበዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ካልጠነከረ ደርሷል።

ጊዜ ለማሳጠር ስኳር የሚጨምሩ አሉ፤ ቀለም የሚጨምሩም አሉ። ስኳር ይፈላል፣ ያሰክራልም፤ የማር መዓዛ ግን አይኖረውም፣ በማር ስም ለእንግዳ ማቅረቡም አይገባም። ጠጁን ወደ አረቄ ለማውጣት መሞከር ደግሞ ፈጽሞ ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው። አረቄ ማውጣት የራሱ ዕውቀትና አደጋ ያለው ሥራ ነው።

ይህ ጠጅ ከቢራ ሁለት እጥፍ ሊጠነክር እንደሚችል ለሚቀዳለት ሰው አስቀድመው ይንገሩት፤ ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ይሸፍናል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል፤ በቤት ድግስም ቢሆን ይኸው ልክ ይጠበቅ። ነፍሰ ጡርና መኪና የሚያሽከረክር እንግዳ ብርዝ ይቀዳለት።

ጠቅላላው ጊዜ በዓለም ገናና በሰበታ አንድ ወር ገደማ፣ በቡራዩ ትንሽ ከፍ ያለ፣ በሱሉልታ አንድ ወር ተኩል ይሆናል። ለገና የሚጥሉ በጥቅምት መጨረሻ ይጀምሩ። ለፋሲካ የሚጥሉ የካቲት ላይ ቢጀምሩ ይደርስላቸዋል፤ በዚያ ወር ቀኑም ስለሚሞቅ ይፈጥናል። የድግሱ ቀን ደርሶ ጋኑ ገና ቢያፏጭ መልሰው ይሸፍኑት፤ ለዚያ ድግስ ሌላ መጠጥ ይግዙ፣ ጠጁን ለሚቀጥለው ያቆዩት።